ከጨው ሱቅ የተገዛው ካቴና

ስለ ብስክሌት ካቴና ከእኔ ጋር ሊከራከር የሚፈልግ ሰው ቁርሱን በልቶ ይምጣ፤ ነገሩ ረጅም ነው። ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ እጁን ከሰጠ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ልጆቼም ሱቅ ገብተው ከሁሉ ርካሹን ዕቃ ሲያነሱ እኔ ካየኋቸው፣ ምን እንደምናገር ስለሚያውቁ አፌን ሳልከፍት መልሰው ያስቀምጡታል። ይህን ሁሉ ዕውቀት ያገኘሁት ከትምህርት ቤት አይደለም። በደርግ ጊዜ፣ ዲላ ላይ፣ አንድ ብስክሌት ላለማጣት ብዬ ከሠራሁት ኃጢአት ነው።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ለመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች የፊደል ገበታና ጠመኔ ያከፋፍል ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ተቆጣጣሪ ተብዬ ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ፣ አንዳንዴም እስከ ጨለለቅቱ ያሉትን ጣቢያዎች እንድጎበኝ ተመድቤያለሁ። አውቶቡሱ ዋናው መንገድ ላይ ጥሎኝ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ነው፣ በቡናና በእንሰት መሀል የሚጠማዘዝ ቀጭን መንገድ ነው፣ እግር ይዞ የማይለቅ ቀይ ጭቃ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ጫማዬ የቱ፣ እግሬ የቱ እንደሆነ ለመለየት አንድ ባልዲ ውሃ ያስፈልገኝ ነበር።

አንድ ቀን ከእርዳታ ዕቃ ጋር አንድ ብስክሌት መጣ። ጎማው ወፍራም፣ ማርሹ አምስት፣ ቀለሙ እንደበሰለ የቡና ፍሬ ቀይ። ኃላፊያችን ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ "መንዳት የሚችል ጓድ ይውጣ" አለ። ወንዶቹ ተያዩ። ሦስቱ ደፍረው ሞከሩ፤ ሦስቱንም ከጽጌረዳው አጥር ውስጥ ለቀምናቸው። እኔ ግን ያደግኩት አዋሳ ነው። አዋሳ ሜዳ ነው፤ በኪራይ ብስክሌት ጉልበቱን ያልላጠ ልጅ የለም። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁና ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ብስክሌቱ ለእኔ ሆነ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆንኩ። ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ የነበረውን ጣቢያ ከምሳ በፊት አይቼ እመለሳለሁ። ሴቶቹ በየበሩ ወጥተው "መጣች!" ይላሉ፤ አንዷ ጣቢያ ላይማ ፊደል ለመቁጠር ሳይሆን ብስክሌት የምትነዳ ሴት ለማየት የተመዘገቡ ነበሩ። ይርጋጨፌ ጉዳዬን ጨርሼ ወደ ዲላ ቁልቁል ስለቀው፣ ነፋሱ ሻሼን እየነጠቀኝ ብቻዬን ጮክ ብዬ እዘፍን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም፤ ሠርጌን ጨምሮ ነው የምለው። ይህን ብስክሌት ከእጄ የሚወስድ ሰው ጠላቴ ነበር።

ያ ሰው ደግሞ ነበረ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ነው። ከእኔ ዐሥር ዓመት ያህል ይበልጣል፤ "ጋሼ" ነበር የምለው። ከገደብ በኩል፣ ከጌዴኦ ገጠር የመጣ፣ የማይጠጣ፣ የማያጨስ፣ ከአፉ መሐላ የማይወጣ ጴንጤ ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ ስለተማረው፣ ሲጨንቀው ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ይል ነበር። ቀበቶው ላይ የመጋዘን ቁልፍ ይንቀጫቀጫል። ብስክሌቱ በመጣ ዕለት የንብረት ቁጥር በነጭ ቀለም ጻፈበት፤ ብረቱ ላይ ጻፈ፣ ኮርቻው ላይ ጻፈ፣ ደወሉም አልቀረለትም። ከጽጌረዳው አጥር ከለቀምናቸው ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ያን ቀን ከክንዱ እሾህ የነቀልኩለት እኔ ነኝ፤ ይቅር ያላለኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ብስክሌት መንዳት እችላለሁ እንጂ መያዝ አላውቅም ነበር። ዓመት ሙሉ ካቴናውን አንድ ጠብታ ዘይት ሳላቀምሰው ነዳሁት። ቀዩ ጭቃ ይደርቅበታል፣ ዝናቡ ያርሰዋል፣ ደግሞ ይደርቃል። ሲነዳ እንደ አሮጌ በር ይጮህ ጀመር። ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ ድምፁ አሳዘናትና አንድ ቀን ጠዋት እኔ ሳላውቅ ለጋ ቅቤ ቀባችው። ካቴናው ጸጥ አለ። ነገር ግን የዲላ ውሾች በሙሉ እስከ ወናጎ መንገድ ድረስ ተከተሉኝ፤ ዳገት ላይ ስቆም እነሱም ይቆማሉ፣ ቁጭ ብለው ካቴናውን ያያሉ።

በዚያው ሳምንት ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ የከተሙ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ በከተማው የብስክሌት ዕቃ ያለውም እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው። ካቴናውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱት።

"ቅቤ ነው?"

"የቤት ባለቤቴ ናት።"

"ጥሩ ሴት ናት። እስቲ ልጄ፣ ካቴናውን ከፊተኛው ጥርስ ላይ በጣትሽ ሳቢው።"

ሳብኩት። ካቴናው ከጥርሱ ላይ ብድግ አለና በሥሩ የወዲያ ማዶው ግድግዳ ታየኝ።

"ብርሃን አየሽ?"

"አየሁ።"

"ብርሃን ካየሽ ጨለማ ነው" አሉ። "ካቴናው ረዝሟል። አሁን እሱን ብቻ ብትለውጪው ትድኛለሽ። ዝም ካልሽው ጥርሶቹን ይበላቸዋል፤ ያኔ የፊቱንም የኋላውንም መለወጥ ሊኖርብሽ ነው።"

ሦስት ካቴና ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ። አንደኛው በሰም ወረቀት የተጠቀለለ የእንግሊዝ ነው። ሁለተኛው የህንድ ነው፣ ካርቶን አለው። ሦስተኛው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ የነበረ ነው፣ አገሩም አልተጻፈበት። የመጀመሪያው ዋጋ የመጨረሻው አራት እጥፍ ነበር። እኔም እንደ ማንም ሰው "ሁሉም ካቴና አይደሉም እንዴ?" አልኩ። ሐጂ የእንግሊዙን ጫፉን ይዘው በጎኑ ዘረጉት፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። አገር የለሹን በጎኑ ሲዘረጉት እንደረጠበ ገመድ ተጎነበሰ።

"ይኼ ገና ሲወለድ ያረጀ ነው" አሉ።

"ታዲያ ለምን ይሸጡታል?"

በሩን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የሚገዛው መንግሥት ነው፣ ልጄ።"

በማግስቱ "አንድ የእንግሊዝ ካቴና ይገዛልኝ" ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። ማመልከቻው ከኃላፊው ወደ ሒሳብ፣ ከሒሳብ ወደ ንብረት ክፍል፣ ከንብረት ክፍል ወደ ግዢ ኮሚቴ ሄደ። ግዢ ኮሚቴው ሦስት ፕሮፎርማ ጠየቀ፤ ደንቡ ነው፣ ሦስት ሱቅ ዋጋ ካልሰጠ አይገዛም። ዲላ ውስጥ ካቴና የሚሸጠው ደግሞ አንድ ሱቅ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊው በዚህ ተጨንቆ ስንት ቀን ምሳውን እንደተወ አውቃለሁ። ደንብ መጣስ አይችልም፣ ሱቅ መፍጠርም አይችልም። በመጨረሻ አንዱን ፕሮፎርማ በሐጂ ሱቅ ማኅተም፣ ሁለተኛውን በጨርቅ ሱቅ ማኅተም፣ ሦስተኛውን በጨውና በላምባ ሱቅ ማኅተም አስመትቶ አቀረበ። ሦስቱም ላይ ሐጂ ያላቸውን የሦስቱን ካቴና ዋጋ ከፋፍሎ ሞላበት።

ኮሚቴው ሦስቱን አየና ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው የጨው ሱቁ አሸናፊ ነው አለ። የጨው ነጋዴው በዕድሜው ካቴና ሸጦ አያውቅም። መንገዱን ተሻግሮ ከሐጂ ሱቅ ያንን ከሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ገዝቶ፣ በጨው ወረቀት ጠቅልሎ ለመንግሥት አስረከበ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ሰባት ወር አለፈ። እኔ ሰባቱን ወር ዳገት ስወጣ ቁልቁል ስወርድ ነበርኩ።

ካቴናውን ይዤ ሐጂ ዘንድ ስሄድ ወረቀቱን ፈትተው አዩት፤ አወቁት። ከዚያ የኋላ ጥርሶቹን አዩ። ሁልጊዜ የምነዳበት መካከለኛው ማርሽ እንደ ውሻ ክራንቻ ሾሏል።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አሉ። "አዲሱ በዚህ ጥርስ ላይ አይቀመጥም። ጠንከር አድርገሽ ስትረግጪ ይዘላል። አሮጌውን መልሺው፤ እሱና ጥርሱ ተበላልተው ተላምደዋል። አብረው ይሙቱ።"

አሮጌውን መለሱልኝ። እንሰት ሲፋቅ የሚወጣውን ቃጫ በላምባ ነክሮ ማጠብን፣ ማድረቅን፣ ከመኪና የወጣ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጎ ትርፉን መጥረግን ያኔ አስተማሩኝ። አዲሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስህተቴ ይኼ ነበር። የንብረት ክፍል ኃላፊው በሦስተኛው ሳምንት ቆጠራ ሲያደርግ አገኘው።

በቀጣዩ የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ካቴናውን ከፍ አድርጎ አሳየ። "በሰፊው ሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ንብረት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል!" አለ። ስለ ጥርሶቹ ላስረዳ ተነሳሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ "ጓድ ሰበብ ታበዛለች" አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ደሜ ፈላና ተቀመጥኩ። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ አዲሱ ካቴና ዛሬውኑ ይገጠም፣ ብስክሌቱ ለንብረት ክፍል ኃላፊው ይተላለፍ፣ በመጪው የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ላይም አጊጦ መሥሪያ ቤቱን ይወክል።

አዲሱን ካቴና በገዛ እጄ ገጠምኩት። ግቢው ጥግ ላይ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጌ ረገጥኩት፤ ቀጭ! ብሎ ዘለለ። አሮጌውን በላምባ አጥቤ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የርክክብ ቅጹን ስፈርም የንብረት ክፍል ኃላፊው ብስክሌቱን ዞሮ ዞሮ አየውና ጠየቀኝ።

"ሁሉም ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አልኩት።

ፊቱ በራ። "እናቴ ለሰልፉ ከገደብ ትመጣለች" አለኝ፤ ይህን ያህል የቤቱን ነገር ነግሮኝ አያውቅም። "ብስክሌት ላይ አይታኝ አታውቅም።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ግን ያ ሳቃቸው ጆሮዬ ላይ ነበር። ይቅመሰው ብዬ ዘጋሁት።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ ኳስ ሜዳው ላይ ሲለማመድ አየዋለሁ። እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያለ ስለሚረግጥ ካቴናው አንድም ጊዜ አልዘለለበትም። እኔ ራሴ ሐጂ ተሳስተው ይሆን ማለት ጀምሬ ነበር።

የሰልፉ ዕለት ብስክሌቱ ቀይ ጨርቅ ለበሰ። መያዣው ማኑብሪ ላይ ከካርቶን የተሠራ ትልቅ የማርሽ ምልክት ታሰረ፤ ጥርሶቹ አንድ ሳይጎድላቸው የተሾሉ፣ ወርቃማ ቀለም የተቀቡ። የብስክሌቱ እውነተኛ ጥርስ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር። ኃላፊያችን መፈክር ይዞ ከፊት፣ የቀበሌው ባንድ ከጎን፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው በመሀል። ሰልፉ የክብር እንግዶቹ መድረክ ጋ ሲደርስ መንገዱ ትንሽ ዳገት ነው። ጋሼ ግራ እጁን ጨብጦ ከፍ አደረገ፣ ከኮርቻው ብድግ አለ፣ በሙሉ ክብደቱ ረገጠ።

ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!

እግሩ ባዶ ወረደ። ብስክሌቱ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ ሄዱ። ተገንጥሎ እጁ ላይ በቀረው የካርቶን ማርሽ ኃላፊያችንን ከኋላ ጠልፎ፣ ከእነ መፈክሩ ይዞት የባንዱ ትልቅ ከበሮ ውስጥ በጭንቅላቱ ገባ። ከዚያ ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ትርኢት መስሎት አጨበጨበ፤ ሌላው "ኢምፔሪያሊዝም ወደቀ ማለት ነው" ብሎ አስረዳ፤ ሜዳው በሙሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሳቄ የቆመው አንዲት አሮጊት ሴት ሕዝቡ በተከለለበት ገመድ ሥር ሾልከው፣ በወታደሮቹ መሀል አልፈው ሲሮጡ ሳይ ነው። በጌዴኦኛ እየተቆጡ ልጃቸውን ከከበሮው ጎትተው አወጡት፤ የሚደማ ጉልበቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት፣ የሱሪውን አቧራ አራገፉለት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይራገፍለታል። ያን ጊዜ እዚያው መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። መስኮቱ ሥር የማናውቀው፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ኃላፊያችን ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ስለ ሁኔታው ብዙ አወራ። እንግዳው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"አደጋ ነው ወይስ አሻጥር?"

ያ ቃል በዚያን ጊዜ ምን እንደነበር ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ለጥያቄ ይጠራል፤ ከዚያ ምሳ የሚያደርስለት ዘመድ የት እንደሚያደርስ አያውቅም። አሮጌው ካቴና ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነበር። መሳቢያ ውስጥ ብተወው ያገኙታል ብዬ ይዤው ስዞር ነው የሰነበትኩት። አጠገቤ የተቀመጠው የንብረት ክፍል ኃላፊ በተጠቀለለው እግሩ እያነከሰ ተነሳ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "ካቴናውን ዘይት አላጠጣሁትም። ግለ ሂስ አደርጋለሁ።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እኔ ቦርሳዬን በእግሬ ወደ ወንበሬ ሥር ገፋሁት። እንግዳው ጻፈ። ለጋሼ የጽሑፍ ተግሣጽ ተሰጠው፤ ብስክሌቱ ለእኔ ተመለሰ፤ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ በእኔ ተቆጣጣሪነት ካቴና እንዲያጥብ ተወሰነ። የፈለግኩትን አገኘሁ። እንደ ሌባ ግን ነው የተቀበልኩት፤ በዚያ ሳምንት ቁልቁል ስወርድ አልዘፈንኩም።

በማግስቱ ተደብቄ አሮጌውን ካቴና ብስክሌቱ ላይ መለስኩ። ቅዳሜ ሲሆን ጋሼ ቃጫውንና ላምባውን ይዞ መጣ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ያንን የተበላ ካቴና ቀለበት በቀለበት ማጠብ ጀመረ። አንዱን ካቴና ከሌላው አይለይም ብዬ እፎይ አልኩ። ቅዳሜው ቅዳሜን እየወለደ ዓመት ሊሞላ ተቃረበ። መጀመሪያ አንነጋገርም ነበር። በኋላ እሱ የእናቱን ጨዋታ፣ እኔ የአዋሳን ማውራት ጀመርን። ካቴና የሚያጥብ ሰው እጁ ሥራ ስለያዘ አንደበቱ ይፈታል። እኔ ግን አንዷን ነገር ሳልነግረው ስንት ቅዳሜ አለፈ።

ከዚያ ወደ ገደብ ተዛወረ። መናኸሪያ ልሸኘው ሄድኩ። ከሻንጣው ውስጥ በሰም ወረቀት የታሸገ ከባድ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። ፈታ አድርጌ አየሁት፤ የእንግሊዙ ካቴና፣ የፊት ጥርስ፣ የኋላ ጥርሶች፣ ሁሉም በግራሶ ቅባት የተለወሱ።

"ሦስቱም አንድ ላይ ካልተለወጡ ዋጋ የላቸውም" አለ። "ሐጂ ያን ጊዜ ማኅተሙን ሲመቱልኝ ነግረውኝ ነበር፤ ሊሸጡልኝ ነው ብዬ አላመንኳቸውም።"

"ፕሮፎርማውስ?"

"ይኼ ከኪሴ ነው፣ ፕሮፎርማ የለውም" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። "ጋሼ" አልኩት፣ "ሁሉም ደህና ነው ያልኩህ ዋሽቼህ ነው። እንደሚዘል አውቅ ነበር። አሮጌው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት?"

"ስብሰባው ላይ አጠገብሽ ነበርኩ። ቦርሳሽ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ብናገር ያንን ካቴና ከጨው ሱቅ የገዛው ማነው ይሉኛል። ሦስቱንም ፕሮፎርማ በገዛ እጄ ነው የሞላሁት።"

የአውቶቡሱ ረዳት "ገደብ! ገደብ!" እያለ በሩን መታ። ጋሼ ሻንጣውን አንስቶ ወጣ። ለዚህ ብቻ ነበር ማለት ነው ብዬ ልቤ ቀለል ሊለው ሲል፣ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አወጣ።

"ደግሞ እኔን ቢቆጡኝ ተቆጥተው ይለቁኛል" አለ። "አንተን ግን ይወስዱህ ነበር።"

አውቶቡሱ ሄደ። መናኸሪያው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። እሽጉን ጭኔ ላይ እንዳቀፍኩት ስለነበር ግራሶው በወረቀቱ አልፎ ቀሚሴን አበላሸው። ቤቴ ገብቼ በላምባ ብፈትገው ብፈትገው አልለቀቀም።